ከደጄ እስከ ችካሉ አርባ አንድ እርምጃ

የጭቃ ሽታ በከተማችን ብርቅ ሆኗል። ዛሬ ሁሉ ነገር ብሎኬት፣ ሁሉ ነገር ሲሚንቶ ነው። ጭድ ተነስንሶበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በሰው እግር ተረግጦ የሚቦካውን የግድግዳ ጭቃ አሸትቶ የሚያውቅ ሰው ከእኔ እኩያ ወዲህ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ያ ሽታ ከገዛ ጓሮዬ መጣብኝ። ልጄ ብርሃኑ ለእንግዳ ማረፊያ ብሎ መሠረት እያስቆፈረ ነበር። ቆፋሪዎቹ ወገባቸው ድረስ እንደገቡ ከሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ እዚያ ተቀብሮ የኖረ የድሮ ግድግዳ ጭቃም ከነጭዱ እንደገና ራሰ። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ምስሩ ሲበተን ዶሮዎቹ ደስ አላቸው።

በዚያው ቀን፣ እግዜር ሲያዘጋጀው፣ አንዲት ልጅ መጣች። ሩት ትባላለች፤ ከከተማው ፕላን ነው የመጣችው። ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ንግግሯ ለስለስ ያለ፣ ሲዳምኛና አማርኛ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ አድርጋ የምትናገር ልጅ። «እማማ፣ ሐይቁ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው» አለችኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ። «ቤት የማይሠራበትን መስመር አዲስ ካርታ ላይ ልናሰምር ነው። የድሮው የቀበሌ ፕላን ተገኝቷል። ሁሉም ቦታ ደኅና መጥቶ እናንተ ሠፈር ሲደርስ መስመሩ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ሐይቁ ይገባል። ሐይቅ እንዲህ አይታጠፍም። ከዚያን ጊዜ ሰው እዚህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ። ችካሉ የት ነበር የተተከለው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ብርሃኑ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሆኖ መለሰላት። «ታች ነዋ! ከሙዙ በታች። ፕላኑ ላይ አለ አይደል እንዴ?»

«እማማን ነው የጠየቅኳቸው» አለች ልጅቱ፣ ሳትቆጣ።

«ቅዳሜ ነይ፣ ልጄ» አልኳት። «የአሮጊት ጭንቅላት ዝገቱ እስኪለቅ ነው።»

ስትሄድ ብርሃኑ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ አፈር ነው። «እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ታች ነበር በያቸው። ሌላ ነገር ከመጣ ይሄንን ሁሉ አቁም ይሉኛል። ያለኝን ሁሉ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው የከተትኩት።» ዓይኑ ያኔ ትንሽ ሳለ ስኳር ሲለምነኝ የነበረው ዓይን ነው። ጎልማሳ ቢሆንም ልጅ ልጅ ነው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነው፤ እኔ በእነዚያ አራት ቀናት አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜዋን አዋሳ ያላየ ሰው ስነግረው የማጋንን ይመስለዋል። መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ ሰዉ ጥቂት። ብስክሌት እንደ ወፍ ነበር የሚርመሰመሰው፤ አስተማሪውም፣ ቄሱም፣ የባንኩ ጸሐፊም በብስክሌት ነው። ዕቃ ያለው በጋሪ ይሄዳል፤ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ስሙኒ ከሰጠሽ ባለጋሪው ዕቃሽን እቤትሽ ድረስ ያገባልሻል፣ የፈረሱንም ስም ይነግርሻል። ቆሮሶ ዓሣ በሽልንግ ሁለት ሦስት ይሰጡሽ ነበር፤ አምባዛ ደግሞ ኦርቶዶክሱ አይበላም ተብሎ እንዲያው በነጻ ማለት ይቻላል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ካፖርት እንደ ለበሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። ስኳር ግን በወረፋ ነው፤ ከኅብረት ሱቅ በር ላይ ድንጋይሽን አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ፣ ድንጋይሽ ያንቺን ተራ ይጠብቃል። ማንም የማንንም ድንጋይ አይነካም ነበር። ይሄንን ስጽፍ ራሴው አፈርኩ። ድንጋይ ያልነካን ሰዎች ምን እንደነካን ወደ ታች ታያላችሁ።

እኔና ባለቤቴ አየለ ከመንዝ መጥተን ነው እዚህ የሠፈርነው። አየለ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነበር፤ በወር ሁለት ቀን ቤቱ ቢያድር ትልቅ ነገር ነው። ብርሃኑ ያኔ አራት ዓመቱ። እንግዲህ ለእኔ ሰው ማለት ጎረቤቴ ማርታ ነበረች። ማርታ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከእኔ ጓሮ በታች፣ ወደ ሐይቁ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእግር የምትረገጥ መኪና ነበረቻት፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ጽሑፉ የለቀቀ። በዚያን ዘመን የእነ ማርታ ጸሎት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ መዝሙር ጮክ ብሎ የሚዘምር ሰው የት እንደሚገባ ይታወቃል። ማርታ ታዲያ ዘዴ አገኘች። መኪናዋን ተር-ተር-ተር እያደረገች በፍጥነት ስትረግጥ በዚያ ድምፅ ውስጥ ትዘምራለች። መዝሙሩ ፈጠን ያለ ከሆነ ስፌቱም ፈጠን ይላል፤ የሐዘን ከሆነ ዝግ። እኔ ከጓሮዬ ጎመን እየቀነጠስኩ ስፌቱን ሰምቼ የዕለቱን መዝሙር አውቀው ነበር። የቀበሌው ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ «ጓድ ማርታ፣ ጎበዝ ሠራተኛ!» ብሎ ያመሰግናታል። እኛ እንስቃለን፣ ሆዳችንን ይዘን።

የቤቴ በር ያን ጊዜ መወርወሪያ አልነበረውም። ማርታ አታንኳኳም ነበር። ገፍታ ትገባና «ጥሩዬ፣ ቆጮ አምጥቻለሁ፣ ያንቺን ጎመን አምጪ» ትላለች። ለብርሃኑ ከትርፍራፊ ቴትሮን አጭር ሱሪ ሰፋችለት፤ አንዱ እግር ሰማያዊ፣ አንዱ እግር ቡና ዓይነት። ሠፈሩ ሁሉ «ባለ ሁለት መንግሥቱ» ብሎ ሳቀበት።

ቀያሹ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ልጅ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የተላከ፤ አፍሮ ጸጉር፣ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ትከሻው ላይ ባለሦስት እግር መነጽር። እሱ ወዲያ ሲል ልጆች ወዲያ፣ እሱ ወዲህ ሲል ልጆች ወዲህ። ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር ለዳር ሲዞር ከርሞ በአራተኛው ቀን የማርታን አባት ጋሽ ዳንጊሶን ይዞ መጣ። ጋሽ ዳንጊሶ ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እንደ ትልቅ ሹም ፊት ፊቱን ይሄዳሉ። እኔ ጓሮ ነበርኩ።

«ይሄ ልጅ» አሉኝ ጋሽ ዳንጊሶ፣ «በመነጽር የሚፈልገውን የኔ ላሞች ያውቁት ነበር። እኔ እንደ ብርሃኑ ትንሽ ሳለሁ ከብት ውሃ የሚጠጣው እዚህ ነው። እዚሁ፣ አንቺ ጎመን የተከልሽበት።» ጎንበስ ብለው በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ጫር አደረጉና ትንንሽ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አወጡ። ብርሃኑ በየቀኑ የሚጫወትባቸው ናቸው፤ እኔ ከየት እንደመጡ ጠይቄ አላውቅም። «አየሽ? ሐይቁ ዕቃውን ትቶ ነው የሄደው። ዕቃውን የተወ ሰው ይመለሳል።»

ቀያሹ ሳቀ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። መነጽሩም የሽማግሌውም ነገር አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ መሰለኝ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ከጎመን መደቤ ራስ ላይ ቀጠቀጠ፤ በጎረቤቶቼም ጓሮ እንዲሁ። ከችካሉ በላይ የኔ ቤት። ከችካሉ በታች የጎመን መደቤ፣ ከዚያ የማርታ ቤት፣ ከዚያ ሸንበቆው፣ ከዚያ ሐይቁ።

እሑድ በቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ኪነት ቡድኑ ዘፈነ፣ ከበሮ ተመታ፣ እኛ የሴቶች ማኅበር ከፊት ተቀመጥን። ቀያሹ ተነሥቶ ተናገረ። «ጓዶች፣ ቀዩ ችካል የውሃው ድንበር ነው። ዛሬ ደረቅ ነው፤ አንድ ክረምት ግን ሐይቁ እዚያ ይደርሳል። ከችካሉ በታች አዲስ ቤት አይሠራ። ያሉትም ቀስ በቀስ ይነሱ፤ በምሥራቅ በኩል ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል።»

ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ፣ «ምትክ! ቤቴን ሲወርሱትም ምትክ ብለውኝ ነበር» ስትል ሰማኋት። ወሬው በወንበሩ ሁሉ እንደ እሳት ሄደ። ያን ጊዜ እኮ ትርፍ ቤት ተወርሶ ገና ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ቀለም የያዘ ሰው ይመጣል፣ በርሽ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ቀጥሎ ቤቱ ያንቺ አይደለም። ቀይ ቀለም ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ልጁ እውነቱን ነገረን። ግን በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ከበሮ መሐል፣ ስንት ነገር ሰምተን ነበር! እውነቱም እንደ ሌላው ሁሉ ከዚያው መድረክ ላይ ተነገረን፤ እኛም እንደ ሌላው ሁሉ አጨበጨብንና ሳናምነው ወጣን። ሊቀመንበሩ ደግሞ ማይክሮፎኑን ተቀብሎ፣ «አብዮታዊ ሕዝብ ውሃ አይፈራም! ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር እናውላለን!» አለ። ተነሥተን ቆመን አጨበጨብን።

ማርታ በዚያ ሳምንት አልዘመረችም። መኪናዋ ዝም አለ። ስሄድ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምሥራቅ ሄጄ ለማን ልስፋ?» አለችኝ። «ደንበኛዬ ሁሉ እዚህ ነው። አባቴስ ከሐይቁ ርቆ ያድራል?»

«እንጨት አይደለም እንዴ ማርቲዬ?» አልኳት። «እንጨት እግር ባይኖረውም እጅ ካገኘ ይሄዳል።»

«ተይ ጥሩዬ! የመንግሥት እንጨት ነው። ያስሩሻል።»

«ጎህ ሲቀድ ጓሮዋ የምትወርድን ሴት ማን ይከተላታል? አፍንጫውን ይዞ?»

ሳቀች። እኔ ለዚያ ሳቅ ስል አደረግሁት እላለሁ። አርባ ዓመት ለራሴ እንዲህ አልኩ። ግን ዛሬ ልጻፈው፤ የጎመን መደቤም ከችካሉ በታች ነበር። ለማርታ ብቻ ብዬ አይደለም።

በማግሥቱ ማለዳ ጉም ሐይቁ ላይ እንደ ጋቢ ተኝቶ ሳለ ባዶ እግሬን ወጣሁ። ጽሕፈት ያኔ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ቦታውን በእግሬ ጻፍኩት። ከደጄ ደፍ እስከ ችካሉ አርባ አንድ እርምጃ። ምናልባት መልሽ ያሉኝ እንደሆነ እንድመልሰው ብዬ ነው የቆጠርኩት። ነቀልኩት፤ በቀላሉ ነው የወጣው፣ አፈሩ ለስላሳ ነበር። ስድሳ እርምጃ ቁልቁል ወርጄ ከማርታ ቤት በታች፣ ሸንበቆው አጠገብ ተከልኩት። ከሳምንት በኋላ ሳይ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቼም የየራሳቸውን አውርደው ከኔው ጋር አስተካክለዋል። ማንም ለማንም አልተናገረም። ቀያሹ ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ ሄዶ ነበር፤ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ችካሎቹን ባሉበት ለኩ፣ ፕላናቸው ላይ አሰፈሩ፣ ለሁለት አዲስ ቤተሰቦችም ከማርታ ጎን መሬት ሰጡ። ሩት «ክርን» ያለችው እንግዲህ የኔ እጅ ነው።

ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ ተናገሩኝ። አጥሩ ላይ ተደግፈው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እንጨቱን አወረድሽ» አሉኝ። «ውሃውንስ?»

«ጋሽዬ ደግሞ፣ ውሃው የት አለ?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

ሁለት ዓመት ደኅና ነበር። የሚገርማችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ እኛው ራሳችን አመንነው። ማርታ እንኳ ክረምቱ ጠንከር ሲል፣ «ጥሩዬ የተከለችውን ውሃ አያልፈውም» እያለች ትቀልድ ነበር። አዲሶቹ ሰዎች ደግሞ ልጆቻቸውን «ከቀዩ እንጨት እንዳታልፉ፣ ሐይቅ ነው» ይላሉ። በቀዩ እንጨት ተማምነው ቤታቸውን ሰፋ ሰፋ አደረጉ።

ሐይቅ እንደ ወንዝ እየጮኸ አይመጣም። እኔ ጎርፍ ሲባል የማውቀው የመንዝን ነው፤ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርደውን። የዚያን ዓመት ውሃ የመጣው ፀሐይ ወጥታ፣ ልብስ ተሰጥቶ ነው። ክረምቱ አልቆ፣ አደይ ወጥቶ፣ ዝናቡ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የማርታ ሽንት ቤት ሞላ። ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ወደኛ መጡ። ቀጥሎ መሬቱ ስትረግጪው እንደ ድፎ ሊጥ ይጨብጥሻል። ነጫጮቹ ቅርፊቶች ታጥበው ማብረቅረቅ ጀመሩ። ውሃው ከሐይቁ ብቻ አልመጣም፤ ከሥራችን ነው የወጣው። የቤቶቹ ግድግዳ ከታች ጀምሮ መጥቆር ያዘ። አንድ ጣት፣ በማግሥቱ አንድ ስንዝር፣ በሦስተኛው ቀን እስከ ጉልበት፤ ጭቃው ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ የመጣው፣ ግድግዳ ተመልሶ ጭቃ ሲሆን ያለው ሽታ። ቀበሌው ዘመቻ ጠርቶ በጆንያ አሸዋ አስሞላን፤ ከሥር ለሚመጣ ውሃ ጆንያ ምን ይሠራል?

በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የማርታን ዕቃ ልናወጣ ጋሪ አመጣሁ። አባቷን ቀደም ብለን ወደኔ ቤት አውጥተናል። እሷ ከውስጥ ልብሶቹን በመስኮት ታቀብለኛለች፣ እኔ ጋሪው ላይ እደረድራለሁ። የሰው ካፖርት፣ የሠርግ ቀሚስ ግማሹ የተሰፋ፣ የብርሃኑ ሁለተኛ ሱሪ። ፈረሱ ውሃው ውስጥ መቆም ጠልቶ ይወራጫል፤ ልጓሙን ይዤ አባብለዋለሁ።

«በቃ ማርቲዬ፣ ውጪ» አልኳት።

«አንድ ጊዜ፣ መኪናዬን ብቻ።»

«ከባድ ነው፣ ልግባ ልርዳሽ?»

«አንቺ ፈረሱን ያዥ!» አለችኝ። ከዚያ ያንን ድምፅ ሰማሁ፣ ተር-ተር፣ ሁለቴ ብቻ፤ መኪናውን ስትጎትተው መርገጫው የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ግድግዳው እንደደከመ ሰው ተንበረከከ። ጩኸት አልነበረውም። ቆርቆሮው ከላይ ተከተለው። አቧራ እንኳ አልተነሳም፣ ሁሉ ነገር እርጥብ ነበርና። እኔ ልጓሙን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሰዎች መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

ሌሎቹ ቤቶችም ወደቁ፤ የሞተው ሰው ግን አንድ ነው፣ ማርታ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ወንበር። ያ ቀያሽ ልጅ ከሄደበት ከተማ ተጠርቶ መጥቷል፤ አፍሮው ተላጭቶ ጆሮዎቹ ብቻ ቀርተው ነበር። ካኪ የለበሰ፣ እኛ የማናውቀው ሰው ከወረቀት ያነብባል። ውሃው ከችካሉ ስድሳ እርምጃ አልፎ ሄደ፤ ችካሉ በተሳሳተ ቦታ ተተክሏል፤ ይህ አሻጥር ነው። ልጁ ተነሥቶ፣ «ችካሎቹ ተነቅለዋል! ደብተሬን እዩልኝ፣ እባካችሁ ደብተሬን እዩልኝ» አለ። ደብተሩን ዘረጋ። የተቀበለው ሰው የለም። ሰውየው ወደኛ ዞረ። «ጓድ ጥሩነሽ፣ አንቺ ለቦታው ቅርብ ነሽ። ችካሉ ከቦታው ተነቅሎ ነበር?»

ጎረቤቶቼ ሁሉ እግራቸውን ያያሉ። ብርሃኑ ጭኔ ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ቀለም ሱሪውን ለብሷል።

«አልተነቀለም» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ልጁ አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ግን ደብተሩን ብቻ ቀስ ብሎ አጠፈው። ወደ ጂፕ ሲያስገቡት አንድ እጁ ደብተሩን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ውሃው ሲሸሽ ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ጠዋት መጡ። ቡሉኳቸው ውስጥ የጠቀለሉትን አውጥተው በሬ ላይ አስደገፉት። ቀይ ጫፉ በጭቃው ውስጥ ይታያል። «ይሄ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ቦታውን አንቺ ታውቂያለሽ።» ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ገጠር ዘመዶቻቸው ሄዱ፣ እዚያው ሞቱ ሲሉ ሰማሁ።

መልሼ አልተከልኩትም። ጣዪው ጣዪው ይለኛል፣ እጄ እምቢ አለ። በመጨረሻ የበር መወርወሪያ አደረግሁት። ልክ ነበር፣ ቁመቱ ልክ። የማርታ መሬት ባዶውን ቀረ፣ ሰው አልፈለገውም፤ እኛ ሙዝ ተከልንበት፣ ቀስ እያለም የኛ ሆነ። ባለቤቴ አየለ እንኳ ሳይነገረው አለፈ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲመሽ ያንን እንጨት በሬ ላይ አጋድማለሁ፣ ሲነጋ አነሣለሁ። ቀለሙ ለቅቆ ቀይነቱ በስንጥቁ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ አደይ ሲወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ከጓሮው ተር-ተር ይሰማኛል። ዝግ ያለ ነው፣ የሐዘን መዝሙር። ልጆቼ «የሙዙ ቅጠል ነው እማዬ» ይሉኛል። ይሁን።

ቅዳሜ ሩት የመለኪያ መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ብርሃኑ ቆፋሪዎቹን አስቁሞ ቆሟል። እኔ መወርወሪያዬን ከጥጉ አንሥቼ ይዤ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ ብርሃኑ።

«ችካሉ ነው። ታች አልነበረም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አቆሙ። ሩት ጣቷ መሣሪያዋ ላይ እንዳለ ቀረች። እኔ አንዴ ካወጣሁት በኋላ ቀለለኝ፣ ቀጠልኩ። ከደጄ አርባ አንድ እርምጃ እንደነበር ነገርኳት። ልራመድ ስነሳ ግን አቆምኩ፤ የዛሬ እርምጃዬ የዶሮ እርምጃ ነው፣ የትም አያደርሰኝም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት።

«ሃያ ስምንት፣ እማማ።»

«እኔም ያኔ እንዲያ ነበርኩ። ቁመታችንም አንድ ነው። ጫማሽን አውልቂልኝና አንቺ ተራመጂ። አትቸኩዪ፤ ሰው እንዳያያት እንደምትፈራ ሴት ሂጂ።»

እንጨቱን ሰጠኋት። ጫማዋን አውልቃ ደፌ ላይ ቆመችና መሄድ ጀመረች። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አሥር ላይ የውሃ በርሜሉን አለፈች። ሃያ ስድስት ላይ አሮጌው ሎሚ። ሠላሳ አምስት ላይ ብርሃኑ አብሮኝ መቁጠር ጀመረ፣ በሹክሹክታ። አርባ ላይ ጉድጓዱ ጠርዝ ደረሰች፤ ወደኋላ ዞራ አየችን፤ ከዚያ ባዶ እግሯን አንድ እርምጃ ወደ መሠረቱ ውስጥ ወረደች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሸፈነው። ጎንበስ ብላ ከጭቃው ውስጥ ነጭ ነገር አነሣች፤ ትንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት።

«እዚህ?»

«እዚያው ነው፣ ልጄ። ትከዪው።»

ከቆፋሪዎቹ አንዱ በድንጋይ መታላት። ከጉድጓዱ ከአራት ሦስት እጁ ያለው ከችካሉ በታች ነው።

«ሌላም ጻፊልኝ» አልኳት። «ቀያሹ አልተሳሳተም ብለሽ ጻፊ። ውሃው በተናገረበት ቦታ ነው የመጣው።»

«እሺ እማማ። ስሙ ማን ነበር?»

ስሙ! ሦስት ቀን ከሠፈራችን ውሃ ጠጥቷል፣ ለልጄ መነጽሩን አሳይቶታል። ጓድ ቀያሽ ነበር የምንለው። ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ብርሃኑ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ እኔስ እማዬ?» አለኝ። «የኔስ?»

«አንተ ከውሃው በላይ ተቀምጠህ ተቀየመኝ» አልኩት። «እሱን እችለዋለሁ።»

ከጭቃው ቆንጥሮ በጣቶቹ መሐል አሸው፣ ጭዱን ለየው፣ አሸተተው። «ያቺን ባለ ሁለት ቀለም ሱሪ የሰፋችልኝ ናት አይደል?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ በመሠረቱ ላይ የተወጠረውን የግንበኛ ክር ከጫፉ ፈትቶ እጁ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

ሲመሽ በሬን ልዘጋ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ጥጉ ሄደ። ባዶ ነው። ብርሃኑ ሌላ እንጨት ቆርጦ ሊያመጣልኝ ነበር፤ ተው አልኩት። በሩን ገጠም አድርጌ ብቻ ተውኩት። ማርታ ድሮም አንኳኩታ አታውቅም።